የኡኩሌሌው ክር ከፍ ብሏል፤ ሳድሉን ልሞርድ ወይስ ለባለሙያ ልስጥ?

ሰላም ለዚህ ቤት። ለእህቴ ልጅ ሶፕራኖ ኡኩሌሌ (ትንሿን ባለ አራት ክር ጊታር መሰል መሣሪያ) ገዝተንላት ነበር፤ እዚሁ መሀል ከተማ፣ ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር። ድምፁ አይከፋም። ችግሩ ክሮቹ ከፍሬትቦርዱ፣ ማለትም ጣት ከሚጫንበት የአንገቱ ሰሌዳ፣ በጣም መራቃቸው ነው። ሲ ኮርድ (ኮርድ አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው) ስትይዝ ምንም አትልም። ኤፍ ላይ ፊቷ ይጨማደዳል። ቢ ፍላት ላይ ስንደርስ ጣቷን እያሸች ታስቀምጠዋለች። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ለካሁት፤ ከብረቱ አናት እስከ ክሩ ሆድ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ የተሰካችውን፣ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ሳድል ሞርጄ ላሳጥራት አስቤያለሁ። ስንት ልቀንስላት? ወይስ ሳልነካካው ለባለሙያ ልስጥ? ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የሚሠራ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። መልሱ ግን ሠላሳን አለፈ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከላይ ማንበብ ሰልችቷቸው የተመለሰውን ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ ተራ፣ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። የማይረባውን ዘልዬዋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ሙሉው ከላይ አለለት።

ቁጥር 1፦ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረ፤ ጨዋ ሰው ነው። ሶፕራኖ 12ኛው ፍሬት ጋ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ይመቻል፣ 4 ግን ለልጅ ጣት ቀርቶ ለአዋቂም ይከብዳል አለ። ከዚያ በምን እንደለካሁት ጠየቀኝ። ከስቴሽነሪ የምንገዛው ማስመሪያ ከዜሮው በፊት ትርፍ ጠርዝ አለው። እሱን ሳያስተውል የለካ ሰው ልኬቱ ይዛባበታል።

ቁጥር 2፦ ለማስመሪያው መፍትሔ ይዞ መጣ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረት የትኛውም ባንክ ቢሰጥህ አንድ ነው፤ 0.76 ሚሊ ሜትር። 3 ካርድ ሲደራረብ 2.3 ገደማ፣ 4 ካርድ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ደራርበህ 12ኛው ፍሬት ላይ ከክሩ ሥር ታስገባዋለህ። 4ቱ እንደ ልብ ካለፉ ክሩ ከፍ ብሏል። ስም የተጻፈበት ፊደል ያበጠ የድሮ ካርድ ብቻ አይሆንም። ከቤተሰቡ ካርድ ለቅሜ ሞከርኩት፤ 5 ካርድ ገባ። ማስመሪያዬ አልዋሸም።

ቁጥር 3፦ አጭር ነው። 1 ሚሊ ማውረድ ከፈለግክ ከሳድሉ 1 ሚሊ አንሳ፣ አለቀ።

ቁጥር 4፦ አላለቀም አለ። 12ኛው ፍሬት ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ ሥር ክሮቹ የሚያርፉባት ቁራጭ) እና ከሳድሉ እኩል መሃል ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ 1 ሚሊ ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ መነሳት አለበት። እሱም ቢሆን ሳድሏ ከብሪጁ በላይ ምን ያህል እንደወጣች ታይቶ ነው። በጣም ካጠረች ክሩ አጥብቆ አይጫናትም፤ ድምፁ ይደክማል።

ቁጥር 5 ላይ ሦስተኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣና ተቆጣ። ለዚች መጫወቻ ሒሳብ ምን ያደርጋል፣ እኔ በእጄ ስንቱን ሠርቻለሁ አለ። ቁጥር 6 በር አመጣለት። በር ሲከፈት ጫፉ አንድ ክንድ ከሄደ መሃሉ የሚሄደው ግማሽ ክንድ ነው። ነቱ ማጠፊያው ነው፣ ሳድሉ የበሩ ጫፍ ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥር 3 ስለ ሒሳብ አልተነፈሰም።

የእኔ ሳድል ከብሪጁ በላይ 4 ሚሊ ሜትር ወጥታለች። 2 ቢነሳላት 2 ይቀራታል። ይቻላል፣ ግን ደስ አይልም።

ቁጥር 7፦ ልጆች የምታስተምር ሴት ናት። ሁላችሁም የተሳሳተው ጫፍ ላይ ናችሁ አለች። በትህትና ነው ያለችው፤ ግን አለች። ሲ ኮርድ 3ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ይያዛል። ኤፍ አንዱን ጣት 1ኛው ፍሬት ላይ ይፈልጋል። ቢ ፍላት ደግሞ 1ኛው ፍሬት ላይ ሁለት ክር በአንድ ጣት ያስጨፈልቃል። ልጅቷ 3ኛው ላይ ተመችቷት 1ኛው ላይ ከተሰቃየች፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባት ከመቃኛዎቹ ሥር ያለችው ነት ናት። የክሮቹ ቦይ በደንብ ጠልቆ አልተቆረጠም ማለት ነው። ሳድሉን እስከ ብሪጁ ድረስ ብትሞርደው 1ኛው ፍሬት ላይ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሁለት መፈተኛ ሰጠች። አንደኛው፣ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ክፍተቱ በጭንቅ የሚታይ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ያለው ሰው 1ኛው ፍሬት ላይ ሰክቶ ይጫወት። ድንገት ከቀለለ ጥፋቱ የነቱ ነው፤ ካፖው ነቱን ከጨዋታ አውጥቶታልና።

ቁጥር 8፦ ከቁጥር 7 ጋር ተስማምቶ አንድ ጨመረ። ክፍቱን ሲ ክር (በጣት ሳትጫነው) በስልክህ መቃኛ አስተካክል፣ ከዚያ 1ኛው ፍሬት ላይ ያዘው። መርፌው ወደ ቀኝ ከሸሸ ክሩ ሲጫን እየተለጠጠ ነው። ነቱ ከፍ ያለ ኡኩሌሌ ክፍት ክሩ ተቃኝቶ እንኳ ኮርዱ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ከመልሱ ሁሉ አንድ ብቻ አስቀሩ ብባል ቁጥር 7ን አስቀራለሁ። ሌላው ሁሉ የጠየቅኩትን መለሰልኝ። እሷ ያልጠየቅኩትን መለሰች። ማታውኑ ሞከርኩት፤ 3ኛው ላይ ተጭኜ 1ኛው ፍሬት ላይ አራት ድርብ የሆነ የደብተር ወረቀት ሰደድኩ። ሳይነካ ገባ። የስልኩ መርፌም ወደ ቀኝ ሄዳ ቆመች።

ቁጥር 9፦ አንድ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ሆቴል ቤት ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። በእሳቸው ዘመን ክር ከፍ አለ ብሎ የሚያለቅስ እንዳልነበረ፣ ጣት ደርቆ ቆዳ እስኪያወጣ መታገስ ብቻ እንደነበር ጻፉ። ልጅቷን አታቅብጧት ነው ነገሩ። ቁጥር 10 ፋዘር እያለ ጀመረና አንተ እያለ ጨረሰ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ናይለን ክር ያለው መሣሪያ ጣት የሚያሳምም ከሆነ መሣሪያው ታሟል ነው ያለው። አነጋገሩ ግን አላማረም። ቁጥር 11 ጋሼን እርስዎ ብለህ አናግር ብሎ ገሠጸው። ልጁም ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ ምንም አይደል አሉ፣ ከሐሳባቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ቁጥር 12 ከርዕሱ ወጣ፤ ሆኖም የወጣበት ቦታ ጥሩ ነበር። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና የተማረ ልጅ ነው። ክሩ በጣም ሲወርድ ብረቱን እየነካ ዝዝ ይላል ብላችሁ ሁላችሁም ትፈራላችሁ፣ እኛ ግን ዝዝታውን ፈልገን ነው የምናመጣው አለ። በገና 10 አውታር አለው። አውታሩ ብሪጁ ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ከሥሩ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን በጣቱ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ያንን ነዛሪ ድምፅ እስኪያገኝ ይፈልጋታል። ትንሽ ካለፈች ድምፁ ይጠፋል። በኡኩሌሌው የፀጉር ስንጣቂ የምታህል ክፍተት ጥፋት የምትሆነውን፣ በበገናው ሥራዬ ብለው ያኖሯታል።

ቁጥር 13 በዚህ በጣም ተናደደ። በገና የጸሎት ነው፣ ከልጅ መጫወቻ ጋር በአንድ አፍ አይጠራም አለ። ቁጥር 14 መጫወቻ የምትለው ታሪክ አለው ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ሬቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ሠራተኞችን ጭና ሆኖሉሉ ደረሰች። ከመካከላቸው የእንጨት ሠራተኞች ነበሩ። የአገራቸውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ተከትለው ሃዋይ ውስጥ መሥራት ጀመሩ፤ ኡኩሌሌም ከዚያ መጣ። ቁጥር 15 ማን ጠየቀህ ከማለት በቀር ምንም አልጻፈም።

ቁጥር 16 ወደ ጥያቄዬ ሁለተኛ ክፍል መለሰን። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ጊታር የሚጠግን ሰው ነበር፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ግን የት እንደገባ አላውቅም አለ። ከዚያ እስከ ቁጥር 19 ስለ ኡኩሌሌ አንድም ቃል የለም። የፈረሰው ቤት፣ የተበተነው ጎረቤት፣ የድሮው ማኪያቶ። አንዱ መንገዱ ግን አምሮበታል አለ። ሌላው ለማን አለው። እዚያ ላይ ቀዝቀዝ በሉ የሚል ሰው ባይገባ የት ይደርስ እንደነበር እንጃ። ቁጥር 20 ጠጋኙን አውቀዋለሁ ብሎ ስልኩን በውስጥ ላከልኝ። ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

ቁጥር 21፦ አየር ጠባዩን ያነሳ ይህ ሰው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በጋ ላይ አየሩ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ልብስ እንኳ አይደርቅም። በሐምሌ የኡኩሌሌው የፊት ሰሌዳ እርጥበት ስቦ ትንሽ ያብጣል። ብሪጁን ከነሳድሉ ሽቅብ ይገፋዋል፣ ክሩም ከፍ ይላል። በጥር ሰሌዳው ደርቆ ይወርዳል። በክረምት እስከ ጠርዙ የሞረደ ሰው በበጋ ዝዝታ ይጠብቀዋል። ፕላይውድ ከሆነ ለውጡ ያንሳል፣ ሆኖም ትንሽ ትርፍ መተው ነው። በበጋ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ የሚጭረውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ እንጨቱ ሲሸበሸብ ብረቱ ባለበት ይቀራል።

ቁጥር 22 አናጢ ነው፤ ሥራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ረጅሙ የእሱ ነው፤ ርዝመቱ ግን አይሰለችም። ክሮቹን አላላቸው እንጂ ጨርሰህ አትፍታቸው ይላል። ሳድሏን ጨርቅ በጠቀለልክበት ፒንሳ ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳባት። እምቢ ካለች በማጣበቂያ ተይዛለች፤ አትታገላት። ሳትወጣ በፊት የትኛው ፊቷ ወደ መቃኛ እንደሚያይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። የሚነሳው ከሥሯ ነው። አናቷ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቅርጽ አለ፣ አይነካም።

መስመሩን በቀጭን እርሳስ ዙሪያዋን አስምር። ከዚያ ሞረድ አትንካ። ብርጭቆ ወረቀት፣ 240 ቁጥር፣ መስታወት ላይ አንጥፈህ ሳድሏን ቀጥ አድርገህ አቁማትና ጎትታት። ሰው የሚያበላሻት እዚህ ጋ ነው። እጅ ሳይታወቀው ወዲያ ወዲህ ያዘነብላል፤ ሥሯ ክብ ይሆናል። ክብ የሆነች ሳድል ብሪጁ ላይ በመስመር ብቻ ታርፋለች፣ ድምፁም ይታፈናል። መድኃኒቱ ጎኑ ቀጥ ያለ ቁራጭ እንጨት ነው። ሳድሏን እንጨቱ ላይ አስደግፈህ ሁለቱንም አንድ ላይ ትገፋለህ። መስመሩ ጋ ግማሽ ሚሊ ሲቀርህ ቆመህ መልሰህ ሰካት፣ ቃኝ፣ ለካ። ከዚያ ወደ 400 ቁጥር ወረቀት ትሄዳለህ።

ቁጥር 23 ፕላስቲኩን ጣልና ከበሬ አጥንት አሠራ አለ። የቅልጥም አጥንት ተቀቅሎ ስቡ በደንብ ከወጣ ከፕላስቲክ ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ድምፁም ይጠራል። እውነት ነው፤ ጥሩ ጊታሮች ላይም አጥንት ይደረጋል። ቁጥር 24 ግን ቅልጥም የሚለውን ሲያይ ሌላ ዓለም ገባ። ቅልጥም ለመብላት እንጂ ለመሞረድ አይገዛም ብሎ የሥጋ ቤት ወሬ ጀመረ። ጾም ላይ እንደሆንን ያስታወሰው ሰው ነው ያስቆመው። ቁጥር 25 አድርጌ የዘለልኩት እሱን ነው።

ቁጥር 26 በብየዳ የሚተዳደር ነው፤ እጁ ለነቱ ሥራ የሚሆን ዕቃ አለው። የክሩን ቦይ ለማጥለቅ የሚሸጠው ልዩ ሞረድ ውድ ነው፣ እዚህም በቀላሉ አይገኝም። የጋዝ ብየዳ አፍ የሚጸዳበት የቀጫጭን ሽቦ ጥቅል ግን አለ፤ ሽቦዎቹ ሸካራ ናቸው፣ ውፍረታቸውም ይለያያል። ተክለሃይማኖት ወዲያ የብየዳ ዕቃ ከሚሸጡት ይገኛል። ከክሩ እምብዛም የማይወፍረውን መርጠህ ቦዩን ትስባለህ። ሽቦው ወደ መቃኛው በኩል ዝቅ ማለት አለበት፤ ክሩ የመጨረሻ የሚነካው የነቱን የፍሬት በኩል ጠርዝ እንዲሆን። ጥቂት ከሳብክ በኋላ ክሩን መልሰህ የቁጥር 7ን ፈተና ፈትን። ደግመህ ጥቂት ሳብ።

ቁጥር 27 በትልቁ ጮኸ። ለጀማሪ ነት ንካ ማለት ወንጀል ነው አለ። ሳድል ቢያጥር በርካሽ ይተካል፣ ነት ከጠለቀ ግን ክፍት ክሩ ሁሌ ዝዝ ይላል፣ መመለሻ የለውም። ቁጥር 28 አለው ብሎ መለሰ። ቦዩ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰህ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ስታንጠባጥብበት ወዲያው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ከዚያ እንደገና ትቆርጠዋለህ። ቁጥር 27 ይህ የሠፈር ሥራ ነው አለ። ቁጥር 28 የጊታር ጠጋኞችም ሲቸግራቸው ያደርጉታል አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሱፐር ግሉ መሞት የማይፈልግ ነት ያቆያል እንጂ እንደ አዲስ አያደርገውም። ቁጥር 27 ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢጽፈው ብዙ ሰው ይሰማው ነበር።

ቁጥር 29 የራሱን ጉድ ነገረን። ኮንሰርት ኡኩሌሌ (ከሶፕራኖ ከፍ የሚለው) አለው። በዓይኑ ገምቶ ሳድሉን ሞረደ፣ ሰክቶ ሲቃኘው ከ5ኛው ፍሬት ወደ ላይ ሁሉም ዝዝ አለ። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ በሳድሉ ልክ ቆርጦ ከሥሯ አነጠፈና ነገሩ ተስተካከለ። 0.76 ሚሊ ከሥር ሲገባ 12ኛው ፍሬት ላይ 0.4 ገደማ ከፍ ያደርጋል። የቁጥር 4 ሒሳብ እዚህም ሠራ። አንድ ሁለት ሰው ከሥሩ ነገር ሲገባ ድምፁ ይሞታል አሉት። እሱ ልዩነቱን አልሰማሁም አለ።

እንግዲህ እኔ የሠራሁት ይህ ነው። ቁጥር 7 በኋላ ላይ እንደመከረችኝ ከነቱ ጀመርኩ፤ ነቱ ሲወርድ 12ኛው ፍሬት ላይም ትንሽ ስለሚወርድ፣ ሳድሉን አስቀድሞ የሞረደ ሰው ከሚገባው በላይ ሊያወርድ ይችላል። የብየዳ ሽቦውን ገዛሁ። አራቱን ቦይ በጥቂቱ አጠለቅኳቸው፤ አሁን 3ኛው ላይ ስጫን 1ኛው ፍሬት ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት እየታሸ ያልፋል። አቆምኩ። ከሳድሉ በአናጢው መንገድ 1.5 ሚሊ አነሳሁ፤ 2.5 ቀራት። 12ኛው ፍሬት ላይ አሁን 3.1 ገደማ ነው። 4 ካርድ ክሩን እየላሰ ያልፋል፣ 5ኛው አይገባም። ወደ 2.5 ማውረድ ይቻል ነበር፣ ግን የቁጥር 21ን በጋ ፈርቼ ተውኩት። ልጅቷ ቢ ፍላትን ዛሬም አትወደውም፤ ትይዘዋለች ግን።

ቁጥር 30 ሁሉ ካለቀ በኋላ ጥሩ ጥያቄ ይዞ መጣ። ቅኝቱን አይታችኋል ወይ አለ። የዛሬ ኡኩሌሌ በብዛት ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው የሚቃኘው። በድሮው ልማድ ግን አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ የሚቃኝም አለ። እንደዚያ ከተቃኘ ክሩ ይጠብቃል፣ ጣትም ያማል፤ ምንም ሳይሞረድ በመቃኛው ብቻ ይስተካከላል። የእኛው ልክ ነበር። ሌሎቻችሁ ግን ብርጭቆ ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት እዩት፤ ነጻ ነው።

ቁጥር 31 ይህን ሁሉ ባለ ብረት ክር ጊታሩ ላይ ልሞክር ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 32 አትሞክር አለው። የጊታሩ ኔክ ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ አለ፤ መጀመሪያ ኔኩ መጉበጡ ይታያል፣ ነትና ሳድል ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው ኡኩሌሌ ግን ዘንጉ የለውም። ሰውዬው ሌላ ጥያቄ እንዲከፍት ተነገረው፣ ከፍቷልም። ስለ ጊታር የምታውቁ እዚያ ጻፉለት።